አማቴ እና ላየንፊሹ

አማቴ ከጎንደር ባሕር ማዶ ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ ሊጠይቁን ከመጡ ሦስት ወራቸው ነው። የኔ ሙያ አይጥማቸውም ብዬ ስለምጨነቅ፣ ባለፈው ቅዳሜ እዚሁ አጠገባችን ካለችው አሌክሳንድሪያ ከተማ ላየንፊሽ የሚባል ዓሣ ገዛሁላቸው። በጥፍራቸው ፋቅ ፋቅ አድርገው ቅርፊት እንዳለው ካረጋገጡ በኋላ ጠበስኩት። ደጋግመው ጎረሱ። ደስ አለኝ።

«የምን ዓሣ ነው?» አሉኝ።

ሻጩ የነገረኝን ነገርኳቸው፤ «ከሌላ ባሕር የመጣ ነው፣ እማማ። እዚህ ባሕር ሥር ኮራል ሪፍ የሚባለው አለት ላይ ያሉትን የአገሬውን ዓሦች እየበላ ጨረሳቸው። እኛ ስንበላው ይቀንሳል ብለው ነው የሚሸጡት።»

እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ጨው በዛ እንዴ?»

ሳህኑን ገፋ አደረጉት።

«አጥንት አገኙ?»

ዝም ብለው ወደ መኝታ ቤት ገቡ። ግራ ገባኝ። ተከትዬ በሩ ጋ ስደርስ፣ ሥራ ላይ ላለው ባለቤቴ ደውለዋል፤ «ልጄ፣ ትኬቴን ቶሎ አስቆርጥልኝ። ሚስትህ በዓሣ አሳብባ ውጪልኝ ብላኛለች።»