ዱቄት የነሰነስኩበት ከረሜላ

ባለፈው ሳምንት ቦሌ አንድ ሱፐርማርኬት ውስጥ «ግሉተን የሌለው» የሚል የከረሜላ ፓኬት አየሁ። አንስቼ ጀርባውን ማንበብ ጀመርኩ። ግሉተን የሚሉት ስንዴ ውስጥ ያለውን ነገር ነው፤ እቤቴ ስንዴ የማይስማማው ሰው የለም። ግን እንዲህ ያለ ነገር ሳላነብ ማለፍ አልችልም፤ ከጁባ ይዤው የመጣሁት አመል ነው።

ጁባ የሄድኩት በሃያ አራት ዓመቴ፣ ደቡብ ሱዳን ነጻ ከመውጣቷ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። አክስቴ ማላኪያ የሚባለው የጁባ ሰፈር ሱቅ ነበራት፤ ባንኮኒው ላይ የምቆመው እኔ ነኝ። ዝናቡ ሲያባራ ቆርቆሮው ይግልና፣ ውይ ያ ሙቀት! ሳሙናው ይለሰልሳል፣ ወረቀት የሌለው ከረሜላ እርስ በርሱ ተጣብቆ ድንጋይ ያክላል። አክስቴ መላ ነበራት፤ ከረሜላውን ከካርቶን ወደ ማሰሮው ስንገለብጥ አንድ እፍኝ የፉርኖ ዱቄት እንነሰንስበታለን። አይጣበቅም። እጄ ለምዶት ሳላስበው ነበር የማደርገው።

ኛማል የምትባል የስድስት ዓመት ልጅ ደንበኛችን ነበረች። እናቷ ጋምቤላ በስደት ነው ያደገችው፤ አማርኛዋ ከእኔ አያንስም። ካምፓላ ያለ ሐኪም ልጅቷ ስንዴ የሚባል ነገር እንዳትቀምስ ከልክሏት ነበር። ዳቦ የለ፣ ብስኩት የለ። የምትወደው የቀራት ሁለት ነገር ነው፤ ከኛ ሱቅ በሚገዛ ንጹሕ ጤፍ እናቷ የምትጋግርላት እንጀራና ከረሜላ።

«እህቴ፣ ከረሜላው ስንዴ እንዳይኖርበት በደንብ እዪልኝ» አለችኝ እናቷ።

ካርቶኑን አገላብጬ አነበብኩ። ስኳር፣ ግሉኮስ፣ ቀለም። «ስንዴ በዞረበት አልዞረም፣ እናቴ ትሙት!» አልኳት።

ከዚያ ወዲያ ኛማል በየቀኑ ትመጣለች። «ሐላዋ ፊ?» ትላለች፤ ከረሜላ አለ ወይ ማለቷ ነው። «ፊ!» ብዬ ሁለት አስጨብጣታለሁ።

ወር ሳይሞላ ሆዷ ተነፋ፣ ፊቷ አመድ መሰለ። እናቷ ሱቃችን ቆማ «ልጄን ምን ነካብኝ?» እያለች ስታለቅስ እኔ ከረሜላ ላይ ዱቄት እየነሰነስኩ ነበር። እጄን አየሁት። ምንም አልተሰማኝም። መደንገጥ ነበረብኝ፣ አልደነገጥኩም። እሷ ስትሄድ ማሰሮውን ጓሮ ወስጄ አጠብኩት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ለኛማል ከካርቶኑ እያወጣሁ እሰጣት ጀመር። ለማንም አልተናገርኩም።

ልጅቷ እያገገመች መጣች። እናቷ አንድ ቀን እየሳቀች ገባች።

«ደረስኩበት! እንጀራው ነው ለካ። ካቆምኩላት ወዲህ ይኸው ደህና ሆነች። ጤፍም አይስማማትም ማለት ነው፤ ሁለተኛ አትቀምሳትም። ያንቺ ከረሜላ ባይኖር ምን ይውጣት ነበር? እግዚአብሔር ይስጥሽ።»

«አሜን» አልኩ።

እናትና ልጅ ብዙም ሳይቆዩ ከጁባ ወጣ ብላ ወዳለችው ረጃፍ ተዛወሩ። ቦዳቦዳ፣ የሞተር ታክሲ፣ ይዤ ሄጄ ለእናቷ ልነግራት እችል ነበር፤ ሩቅ አይደለም። ነገ እያልኩ ከረምኩ፣ ከዚያ አገሬ ገባሁ።

ፓኬቱን መደርደሪያው ላይ መለስኩት። ኛማል አሁን ሃያ አልፏታል። የሆነ ቦታ እንጀራ ሲቀርብ «እኔን ያመኛል» ብላ እጇን ትሰበስባለች። አያማትም።