ኑሪ ትቶት የወጣው ካሜራ

ኑሪ ሽሮ ሜዳ ላይ ጋቢና ነጠላ ይሸጣል፤ ጉለሌ ግን የሚያውቀው በጨርቁ አይደለም። በ1979 ዓ.ም. ጅዳ የሚኖረው ወንድሙ የቪዲዮ ካሜራ ከላከለት ወዲህ፣ ኑሪ ያልተጠራበት ሰርግ እንደ ሰርግ አይቆጠርም ነበር። የቀበሌ ፈቃድ ማውጣቱ አሳሩን አብልቶታል፤ ፈቃዱን ካገኘ በኋላ ግን የሚያቆመው ጠፋ።

የመጀመሪያ ሥራው ጉድ ነበር። የአጎቱን የሸፊን ልጅ ሰርግ ሲቀርጽ፣ ሁሉንም ላሳይ ብሎ ካሜራውን ጓሮ እንደሚያጠጣ ሰው ወዲያና ወዲህ ሲያወናጭፈው ዋለ። ቤተዘመዱ ተሰብስቦ ሲያይ የግማሹ ራስ ዞረ። ሙሽሪት መስኮት ከጀርባዋ ሆኖ ስለተቀረጸች ከሰል መስላ ወጣች። ሸፊ የዚያን ቀን የመሬት መንቀጥቀጥ ነበር ወይ ብለው ጠየቁት። ሌላ ሰው ቢሆን ካሜራውን ሸጦ ይገላገል ነበር። ኑሪ ግን ያንኑ ካሴት እየደጋገመ አየና ጥፋቱን አንድ በአንድ ለቀመ። ከዚያ ወዲህ ግድግዳ ተደግፎ፣ ክርኑን ከጎኑ አጣብቆ፣ ትንፋሹን ውጦ ነው የሚቀርጸው። ብርሃኑን ከጀርባው ያደርጋል። አንድ ፊት ከያዘም ሰውየው ሳቁን ሳይጨርስ አይለቀውም። ጎበዝ መሆኑን ያውቃል፤ ማወቁንም አይደብቅም።

አንድ ነገር ብቻ አሸንፎት ነበር። የእኛ ሰው ካሜራ ሲያይ ይደርቃል። ፎቶ ቤት የገባ ይመስል እጁን ጉልበቱ ላይ ያደርግና ዓይኑን ያፈጣል። ይሄኛው እንቅስቃሴ ነው የሚይዘው፣ እንደልብህ ሁን ሲሉት እሺ ይልና ይብስበታል።

ከቁስቋም ዝቅ ብለው የሚኖሩት ጋሽ በዳሳ ልጃቸውን ብርነሽን ሲድሩ ኑሪን አስጠሩት። ድሮ የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ። አሁን ሳንባቸው ታሞ ከአልጋ አይወርዱም፤ ዕድሜያቸው እያጠረ መሆኑን ሐኪሙ ነግሯቸዋል፣ እሳቸውም ከማንም አልሸሸጉትም። ከረባት አንቋቸው የተነሱትን፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ፎቶ በጣታቸው አሳዩት።

«የልጅ ልጆቼ በዚህ እንዲያውቁኝ አልፈልግም» አሉ። «ይሄ ሰውዬ እኔን አይመስልም። አንተ እኔን አንሳኝ።»

ኑሪ ለእኔ ይተዉት ብሏቸው ወጣ።

የሰርጉ ዕለት፣ ባለቤታቸው እትዬ ጌጤ እየተቆጡም ቢሆን፣ አልጋውን አዞረና መስኮቱን ከካሜራው ጀርባ አደረገው። ብርነሽ በቬሎዋ ገብታ የአባቷን ጉልበት ልትስም ጎንበስ አለች። ካሜራው መቅረጽ ሲጀምር ቀይ መብራቱ በራች። ጋሽ በዳሳም ደረቁ። ቀና ብለው መብራቷ ላይ እንዳፈጠጡ ምርቃቱን እንደ አዋጅ አነበነቡት፤ ልጅቱን አንዴም አላዩዋት። ግድግዳው ላይ ያለው ሰውዬ ወርዶ አልጋው ላይ የተቀመጠ ነበር የሚመስለው።

ደጅ ላይ ሚዜዎቹ ይጣደፋሉ። ኑሪ አላመነታም። ካሜራውን ኮመዲኖው ላይ አፉን ወደ አልጋው አድርጎ አስቀመጠና መብራቷ ላይ ፕላስተር ለጠፈባት። በቃ፣ ዘግቼዋለሁ፣ እስቲ ትንሽ ተጫወቱ አላቸው። ከዚያ እትዬ ጌጤን ይዞ ወጣና በሩን ዘጋው። ካሜራው ግን እየቀረጸ ነበር።

ብርነሽና ባሏ ለመልስ ሲመጡ፣ ኑሪም ቴሌቪዥንና ማጫወቻ አሸክሞ መጣ። ቤቱ በዘመድ ሞልቷል። ካሴቱ ላይ ምርቃቱ አለፈና በሩ ሲዘጋ ተሰማ። ቴሌቪዥኑ ላይ ያሉት ጋሽ በዳሳ እፎይ ብለው ትከሻቸውን ጣሉ። ጫማሽ ጠቦሻል አይደል፣ ነግሬሽ ነበር እኮ ብለው ልጃቸውን ተቆጧት። ጉንጯ ላይ የፈሰሰውን ኩል በአውራ ጣታቸው ጠረጉላት። ጠርገው ሳይጨርሱ ጭንቅላቷን ደረታቸው ላይ አስጠጉና ድምፃቸውን አውጥተው አለቀሱ።

እትዬ ጌጤ ይህን ሁሉ ዘመን አብረው ሲኖሩ ባላቸው ሲያለቅሱ አይተው አያውቁም። ኑሪ የዚያን ጊዜ ገና ምን እንዳደረገ ገባው፤ የሰው ገመና ሰርቆ አደባባይ አውጥቷል።

ጋሽ በዳሳ ካሴቱ እስኪያልቅ ከቴሌቪዥኑ ላይ ዓይናቸውን አልነቀሉም። ከዚያ ወደ ኑሪ ዞሩ።

«ዘግቼዋለሁ ብለኸኝ አልነበር?»

«ዋሸሁዎት፣ ጋሽ በዳሳ። ይጥፋ ካሉኝ አሁኑኑ አጠፋዋለሁ።»

ሽማግሌው ልጃቸውን አዩ፣ ሚስታቸውን አዩ፣ መጨረሻ ላይ ወደ ግድግዳው ቀና አሉ።

«ያንን ሰውዬ አውርደው» አሉት።

ኑሪ ወንበር ስቦ ወጣና ፎቶውን አወረደ።