የዴልመር ዳሌና ዲያቆን የተባለው ኮርማ

ዴልመር ፕሩዊት በወጣትነቱ ሥራው ከኮርማ ፊት መሮጥ ነበር። በእኛ በኦክላሆማ የኮርማ ግልቢያ ውድድር ላይ ጋላቢ ሲወድቅ፣ ፊቱን ቀለም የተቀባ፣ ሰፊ ሱሪ ያጠለቀ አንድ ሞኝ ዘሎ ገብቶ ኮርማውን ወደ ራሱ ይጠራል። ያ ሞኝ ዴልመር ነበር። ዕድሜው ስድሳ ካለፈ በኋላ ግን የጎዳው ኮርማ አይደለም። የከብት መኖ ሊገዛ በገባበት ሱቅ የተከመረ ጆንያ ተንዶ ግራ ዳሌውን ሰበረው። ሱቁን ከሰሰ። ካሣ ካላገኘ ዳሌውን የሚያስቀይርበት አቅም የለውም፤ ከአልጋው ተነስቶ መጸዳጃ ቤት የሚደርሰው ወንበር እየገፋ ነበር።

ጉዳዩ ችሎት ፊት ከመቅረቡ በፊት የሱቁ ጠበቃ ከሳሹን አስምሎ ይጠይቃል። ዴልመር መኪና መንዳት ስለማይችል ወዳጁ እኔ ወደ ጠበቃው ቢሮ ወሰድኩት፤ ጥግ ይዤ እንድቀመጥም ፈቀዱልኝ። የዴልመር ጠበቃ ሚስ ካልደሮን በር ላይ፣ "የተጠየቁትን ብቻ ይመልሱ፤ አንድ ቃል እንዳይጨምሩ" ብላ አስጠነቀቀችው። ዝናብን አትዝነብ እንደማለት ነው።

የሱቁ ጠበቃ ዊትኮም ትሁት ሰው ነበር። "ከዚህ በፊት የደረሰብዎት ጉዳት አለ?" አለ።

"የቱን ልንገርህ?" አለ ዴልመር ደስ ብሎት።

"ሁሉንም።"

ሚስ ካልደሮን ዓይኗን ጨፈነች። የትከሻ አጥንት፣ የጎድን አጥንት፣ መንጋጋ፣ በአንድ ቀንድ የረገፉ ጥርሶች፤ እያንዳንዱን ከኮርማው ስም ጋር ተናገረ። መንጋጋው ላይ ሲደርስ ቃሉን የምትመዘግበው ሴት እንኳ መተየቧን ረሳች።

"ያከመዎት ማን ነው?"

"ዶክተር ሄግዉድ።"

"የአጥንት ሐኪም ናቸው?"

"የከብት። ለኮርማው ሲጠራ እኔንም ያየኝ ነበር፤ ኮርማውን ካየ በኋላ።"

"መድኃኒትስ ያዝልዎት ነበር?"

"ኮርማው የሚወስደውን። መጠኑን ቀነስ አድርጎ።"

ዊትኮም ወንበሩን ጠጋ አደረገ። "በከተማዎ መጠጥ ቤት ግድግዳ ላይ ፎቶግራፍዎ ተሰቅሏል። ዲያቆን የተባለ ኮርማ ግራ ዳሌዎን እንደሰበረው አርባ ዓመት ሲናገሩ ኖረዋል። እውነት ነው?"

ዲያቆን ሦስት ሰው ያስቀበረ ኮርማ ነው። የከተማችን ሰው ለዴልመር ባርኔጣውን የሚያነሳው ከዚያ አውሬ ፊት ቆሞ ስለተረፈ ነው። አዎ ካለ፣ ዳሌው ድሮም የተሰበረ ነውና ካሣው ቀረ። አይደለም ካለ፣ ዴልመር ፕሩዊት የሚባል ሰው ቀረ።

ውሃ ጠጣ። "አልነካኝም" አለ።

"ይቅርታ?"

"ዲያቆን ሲመጣ አጥሩን ዘልዬ ሸሸሁ። ጋላቢውን ያወጣው ባልደረባዬ ነው። የእኔ ሱሪ ሚስማር ላይ ቀረ።"

"ታዲያ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የሚያነክሱትስ?"

"በማግስቱ ሰው ሁሉ 'ዳሌህ እንዴት ነው?' እያለ ቢራ ጋበዘኝ። ሳላነክስ ልጠጣ?"

"አርባ ዓመት ሙሉ?"

"ደግ ከተማ ነው።"

በአማቹ ቀብር ላይ ግራውን ረስቶ በቀኝ እግሩ ሲያነክስ አይቼው ነበር። የማልኩት ግን እኔ አይደለሁም።

ሱቁ የቀጠረው ሐኪም ዳሌውን በራጅ አይቶ የድሮ ስብራት እንደሌለበት አረጋገጠ። ካሣው ተከፈለ፣ ዳሌውም ተቀየረ። ዴልመር በእግሩ መሄድ እንደጀመረ፣ ከሌላ ከሚሰሙ እኔው ልንገራቸው ብሎ ወደ መጠጥ ቤቱ ሄደ። ባርኔጣውን አውልቆ ስለ አጥሩም ስለ ሚስማሩም ተናገረ።

የቤቱ ባለቤት ሎኒ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። "ጠበቃው ይህን አመነህ?"

"እውነቱ ነው።"

"ያውም ምለህ። ዴልመር፣ አንተ እኮ ከዲያቆንም ትብሳለህ።"

"ፈርቼ ሸሸሁ እያልኩህ ነው፣ አንተ ደንቆሮ።"

"አዎ፣ በርታ። ገንዘቡን መልስ እንዳይሉህ በዚሁ ጽና።"

ዴልመር ወደ እኔ ዞረ። "አንተ እዚያው ነበርክ፤ ንገራቸው።"

ነገርኳቸው።

"አንተማ ወዳጁ ነህ፣ ሌላ ምን ልትል" አሉኝ።

ዴልመር ባርኔጣውን ደፍቶ፣ ቀጥ ብሎ እየተራመደ፣ እንደተቆጣ ወጣ። በሩ ሳይዘጋ አንዱ በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። "ያ ዲያቆን ያደቀቀው ዳሌ እኮ ነው" አለ፤ "እዩት፣ ምንም አያስታውቅም።"