ሰማያዊው ቀፎ

አሁን ያለሁበት መሥሪያ ቤት ሥራዬን «ፕሮዳክት ማናጀር» ይለዋል። አዲስ የተቀጠሩ ልጆች ለዚህ ሥራ ምን ችሎታ እንደሚያስፈልግ ሲጠይቁኝ፣ ደንበኛን ማዳመጥ፣ የሚቀድመውን ከማይቀድመው መለየት፣ አለቃን እምቢ ማለት እያልኩ እደረድርላቸዋለሁ። እነሱ ይጽፋሉ። እኔ አፌ ይህን ሲያወራ ልቤ ሰቆጣ ነው።

በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ከጎጃም ተመድቤ፣ ሰቆጣ ውስጥ የሳጥን ቀፎ እየሠራ ለገበሬ የሚያዳርስ የአንድ ትንሽ ወርክሾፕ ኃላፊ ነበርኩ። ምን ይሠራ፣ ለማን ይሰጥ፣ መቼ ይውጣ የሚለውን የምወስነው እኔ ነኝ። አናጢው የመጀመሪያውን ቀፎ ልጎ ሲጨርስ ሰማያዊ ቀለም ይቀባ አልኩ። ለአለቃዬ «ዝናብ እንዳያበሰብሰው ነው» ብዬ አስረዳሁ። ውሸቴን ነው። ከክልል የሚመጡ ጎብኚዎች ፎቶ ሲያነሱት እንዲያምር ነበር። ጎብኚዎቹ ሳይደርሱ ንብ እንዲገባበት ስለቸኮልኩም፣ ቀለሙ በቅጡ ሳይደርቅ በአህያ አስጭኜ፣ ከአህያ ነጂው ጋር ሰቆጣ ዙሪያ ወዳለ አንድ መንደር ወሰድኩት።

መንደሩ ውስጥ ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት እናት ቤታቸው አስገብተው አበሉን። ከባላቸው የቀራቸው አንድ ቀፎ ንብ ብቻ ነበር። ሰቆጣ ቤት ተከራይታ ዘጠነኛ ክፍል የምትማረው ልጃቸው የምትኖረው በዚያ ቀፎ ማር ነው። ይህን ራሳቸው ነግረውኛል፤ አልሰማሁም ማለት አልችልም።

ከምሳ በኋላ ሽማግሌዎች ተጠሩ። ሳጥኑን ከበው፣ ክዳኑን ከፍተው አሸተቱት። ከዚያ በኽምጣኛ ረጅም ክርክር ገጠሙ። እኔ ቋንቋውን አልችልም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዕድ ነው እንዲሉ፣ ስለ ሥራዬ እየተከራከሩ እኔ ጠላዬን እጠጣለሁ። በመጨረሻ አንዱ ሽማግሌ ወደ እኔ ዞረው በአማርኛ፣ «መልካም ነው፤ እግዜር ይስጥልን» አሉኝ።

ያን ያህል ክርክር በዚች ሲያልቅ፣ ምን ተባለ ብሎ መጠየቅ የአባት ነበር። አልጠየቅኩም። ደስ ብሎኝ ነበራ! «ታዲያ ማን ይወስደዋል?» አልኩ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ያበሉን እናት ከጓዳ ብቅ ብለው፣ «እኔ እወስደዋለሁ» አሉ። በዚያው ዕለት ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ንባቸውን ወደ ሳጥኑ አዛወርንላቸው።

ሳምንት ሳይሞላ ንቡ ኮበለለ። ወሬውን ይዞልኝ የመጣው የመንደሩ የግብርና ሠራተኛ ነው፤ የዚያው አገር ልጅ ነበርና ሽማግሌዎቹ ያን ቀን ምን ተባብለው እንደነበር ጠየቅኩት።

«ይሸታል፣ ንብ አይቀመጥበትም ነው ያሉት» አለኝ።

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ኧረ እንዴት ብለው? ደክሞ ሠርቶ ለመጣ እንግዳ፣ ሥራህ ይሸታል ይባላል?»

«እናትየዋስ? እያወቁ?»

«ቤታቸው በልተሃል እኮ። የእንግዳ ሐፍረት የባለቤቱም ነው። ባዶ እጅህን ከምትመለስ ብለው ነው።»

ሄጄ እግራቸው ላይ ልወድቅ ፈለግኩ። ግን ዛሬ ነገ እያልኩ ቆየሁ፤ ጎብኚዎቹም መጡ፣ ወርክሾፑ ውስጥ የቀረውን ሌላ ሰማያዊ ቀፎ ፎቶ አንስተው ሄዱ። የበደለ ሰው ምክንያት አያጣም።

እሳቸው ቀደሙኝ። አንድ የገበያ ቀን ከአለቃዬ ጋር ቢሮ ተቀምጠን ሳለ፣ ቀፎውን በአህያ ጭነው መጡ። አጥበው አጽድተውታል። ልጃቸው ፍራሿን ጠቅልላ ተሸክማ በር ላይ ቆማለች፤ የተከራየቻትን ክፍል ለቃ ወደ መንደር መመለሷ ነው። እናትየዋ ነጠላቸውን አደግድገው፣ ቀና ብለው ሳያዩኝ፣

«ልጄ፣ ንቦቼ አዋረዱህ። የደከምክበትን ዕቃ ከንቱ አስቀረሁብህ። አፉ በለኝ» አሉ።

አለቃዬ ዞሮ አየኝ። «ጥፋቱ የእኔ ነው» ለማለት አፌን ከፈትኩ።

«ግድ የለም፣ እናቴ» አልኩ፤ «አፉ ብያለሁ።»