ሳላነበው የፈረድኩበት የሐዋ ታሪክ

ይህን ለባለቤቴ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴም ቢሆን በየዓመቱ ሌላ ሌላውን እየዘረዘርኩ ይህችን እየዘለልኳት ኖሬአለሁ። ሰው አልገደልኩም፣ አልሰረቅኩም። ያላነበብኩትን ታሪክ አንብቤዋለሁ አልኩ። ቀላል ይመስላል? ለእኔም ቀላል መስሎኝ ነበር።

ከጎጃም ተመድቤ አሶሳ የመጣሁት አማርኛ ላስተምር ነው። ከተማው ውስጥ ጥቂት ሰዎች ሆነን የመሠረትናት የሥነ ጽሑፍ ክበብ ነበረችን። አንድ ጊዜ ክበቧ ከጀማሪ ጸሐፊዎች አንድ ሰው መርጣ ለስድስት ወር ሥልጠና አዲስ አበባ የምትልክበት ዕድል አገኘች። የቀረቡትን ድርሰቶች አንብቦ የሚመርጥ ሰው ሲፈለግ "እኔ አነባለሁ" አልኩ። ማንም አላስገደደኝም።

ሐዋ ያኔ ከአሶሳ ወጣ ባለ ቀበሌ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነበረች። አፏን የፈታችው በበርታ ቋንቋ ስለሆነ አማርኛዋ ላይ ወንድና ሴት አንዳንዴ ይምታታባታል። ታሪኳ እንደሌሎቹ በወረቀት አልመጣም፤ በስልክ የሚከፈት ፋይል ነው፣ በቴሌግራም ላከችልኝ። አንዱ ገጽ ሲያልቅ ከሥሩ ሁለት ሦስት የተሰመረባቸው ዓረፍተ ነገሮች አሉ። አንባቢው የፈለገውን ሲነካ ታሪኩ በዚያ በኩል ይቀጥላል፤ ሌላውን ቢነካ ሌላ ነገር ያገኛል። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም ነበር።

ባልዋ ወርቅ ላወጣ ብሎ ሄዶ የቀረባት ሴት ታሪክ ነው። የመጀመሪያው ገጽ መጨረሻ ላይ ሦስት ምርጫ ነበረ፦ ትጠብቀዋለች፣ ልትፈልገው ትሄዳለች፣ ወደ እናቷ ቤት ትመለሳለች። እኔ "ትጠብቀዋለች" የሚለውን ነካሁ። ለምን? ከላይ ስለነበረ ብቻ። አራት አጫጭር ገጽ ሄዶ አለቀ። ሌሎቹን ሳልነካ ስልኬን አስቀመጥኩና አስተያየቴን ጻፍኩ፦ "አጭርና ያልተጠናቀቀ፣ የሰዋስው ችግር ያለበት።" ዕድሉን ለሌላ ሰው ሰጠሁ።

ውጤቱ በተነገረ በሳምንቱ ሐዋ እኔ ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት መጣች። ለጠብ አልነበረም። መምህራን ማረፊያው ደጅ ላይ ቆማ ጠየቀችኝ።

"መምህር፣ ልትፈልገው ትሄዳለች የሚለውን ነካኸው?"

"ሁሉንም አንብቤዋለሁ" አልኳት።

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም።"

"እሺ። ግማሹን አይተህ ቢሆን እከራከርህ ነበር። ሁሉን አንብበህ ካልወደድከው ግን፣ ታሪኩ ጥሩ አይደለችም ማለት ነው።"

እጄን ጨብጣ፣ አመስግናኝ ሄደች። "ቆዪ" ማለት አቅቶኝ ነበር? አላቃተኝም። አፍሬ ነው? ገና አላፈርኩም። ደወል ተደውሎ ነበር፤ ክፍል ገባሁና አስተማርኩ።

ሁለት ዓመት ያህል አለፈ። አንድ ቅዳሜ ስልኬ ሞልቶብኝ ፋይል ስሰርዝ የሐዋን ታሪክ አገኘሁት። ከመሰረዜ በፊት ከፈትኩትና ያኔ ያልነካሁትን ነካሁ። ሴትዮዋ ተነሥታ ሄደች። ወንዝ ዳር አሸዋ አጥበው ወርቅ ከሚለቅሙ ሴቶች ጋር ሰነበተች፤ ስለ ባሎቻቸው የሚቀልዱትን ቀልድ ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። በአንዱ መንገድ ባልዋን ጉድጓድ ተደርምሶበት አገኘችው። በሌላው በሕይወት አገኘችውና ከሩቅ አይታው፣ ሳትጠራው ተመለሰች። ቅዳሜንም እሑድንም አንብቤ ነው የጨረስኩት። እኔ ያነበብኩት መንገድ ያጠረው ለምትጠብቀው ሴት ምንም ስለማይመጣላት ነበር። ጉድለት ብዬ የጻፍኩት ሐዋ አስባ ያደረገችውን ነው።

ከዚያ በኋላ ፈለግኳት ብል እዋሻለሁ። ስልክ ቁጥሯ ነበረኝ፤ አልደወልኩም።

ባለፈው ዓመት ለፈተና ቁጥጥር ባምባሲ ተመደብኩ። የሄድኩበት ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት ሐዋ ሆና አገኘኋት። በደስታ ተቀበለችኝ። ጽሑፉን እንዴት እንዳደረገችው ጠየቅኳት።

"እሱንማ ያኔውኑ ተውኩት" አለች፣ ምንም ቅሬታ ሳይታይባት። ከዚያ ወደ መምህራኖቿ ዞረች። "እኔ አንድ ጊዜ ትልቅ ታሪክ ጽፌ ነበር። ጓደኞቼ ጀመሩት፣ ተዉት። ሁሉን ያነበበልኝ ሰው ይሄ መምህር ብቻ ነው።"

መምህራኑ በአክብሮት አዩኝ። አንዱ ወንበር ሳበልኝ።

አሁን እኮ በእርግጥ አንብቤዋለሁ፤ ያለችው ውሸት አይደለም፣ አልኩ በልቤ። አንገቴን ደፍቼ፣ ትሕትና በሚመስል ሁኔታ፣ ምስጋናውን ተቀበልኩ። የመጀመሪያው ስንፍና ነበር እንበል። ሁለተኛውስ? ጽሑፏን ያስተዋት የእኔ ቃል መሆኑን በገዛ ጆሮዬ ሰምቼ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ።

እናንተን ይቅርታ አልጠይቅም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ይቅር ልትለኝ የምትችለው ሐዋ ናት። እሷ ደግሞ ባለውለታዬ ነው ትላለች።