መምህሩ የተጠየቁበት ቀን

ፖሊሶች የያዙን አካፋ እንደጨበጥን ነው። ቁስቋም ሰፈር፣ ከቤታችን በታች ያለውን የጎርፍ ቦይ ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጋር እየጠረግን ነበር፤ መምህራቸውም አብረውን ይቆፍሩ ነበር። ተማሪዎቹ እሳቸው ለሚሰጡት ትምህርት ማርክ የሚያገኙት ሰፈር ወርደው፣ ሰው ምን እንደቸገረው ቤት ለቤት ጠይቀው፣ ከሰፈሩ ጋር ሲሠሩ ነው። እኔ ተማሪ አይደለሁም፤ ያነበብሁትን ያነበብሁት በራሴ ነው። ቤቶቹን እየዞርሁ ያሳየኋቸው ግን እኔ ነኝ። ሕዝብ ያደራጃሉ የሚል ጥቆማ ደርሷል አሉን። ተማሪዎቹን ወደ ግቢያቸው መለሷቸው፤ መምህሩንና እኔን በፒካፕ ጫኑን።

የታሰርንበት ክፍል ድሮ መጋዘን ነበር። ግድግዳው እስከ ወገብ ድረስ አረንጓዴ ቀለም አለው፤ ሰው ጀርባውን በሚያስደግፍበት ቦታ ሁሉ ቀለሙ ለቆ ሲሚንቶው ይታያል። ታጥቦ ያልደረቀ ጫማ ይሸታል።

በማግስቱ ጠዋት መምህሩ የለመዱትን ጀመሩ። ከእያንዳንዱ ሰው አጠገብ ቁጢጥ እያሉ ከየት እንደመጣ፣ ምን እንደጎደለው፣ ምን ቢደረግለት እንደሚወድ ይጠይቃሉ። የመጀመሪያዎቹ ባጭሩ መለሱላቸው። ቀጥሎ ያለው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ የቀሩትም እንዲሁ አደረጉ። የክፍሉ ተጠሪ፣ ራሱም እስረኛ፣ ከአይከል የመጣ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ድምፁን ሳያነሳ፣

«መምህር፣ እዚህ ቤት የሚጠይቅ መርማሪ ብቻ ነው» አላቸው።

ከየቤተሰቡ የሚመጣው ስንቅ በትሪ ተቀላቅሎ በጋራ ይበላል። ያን ቀን ለመምህሩ ቦታ የለቀቀ አልነበረም። በሩ ሥር ብቻቸውን ደረቅ ዳቦ ሲቆርሱ ዳቦዬን ይዤ ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥሁ። ኋላ ሹፌሩ ለብቻዬ ጠርቶ፣ ጆሮ ጠቢ የተባለ ሰው ከዚህ ክፍል ደህና አካል ይዞ እንደማይወጣ ነገረኝ። ለራሴ ስል እንድርቃቸው መከረኝ።

ሰፈር ለሰፈር ስንዞር የነበረውን አስታወስሁ። ሰው መጀመሪያ እኛን ነበር የሚጠይቀን፤ የማን ልጆች እንደሆንን፣ ማን እንደላከን። እዚህ ያን ዕድል ያገኘ የለም።

«እናንተ ጠይቋቸው» አልሁት ሹፌሩን።

ሹፌሩ አሰበና መምህሩን መሐል አስቀመጣቸው። ደመወዛቸውን ጠየቋቸው፤ ተናገሩ። አንዱ ከጥግ ሆኖ፣ «ሰላይማ ቢሆን የተሻለ ይከፍሉት ነበር» አለ። ሚስት እንዳላቸው፣ ለምን እንዳልወለዱ፣ ማን እንደሚያውቃቸው ጠየቋቸው። አንዳንዱ ጥያቄ አንገት የሚያስደፋ ነበር። መምህሩ አንዱንም ሳይመልሱ አላለፉም። ሹፌሩ ፈርተው እንደሆነ ጠየቃቸው።

«ፈርቻለሁ» አሉ። «ስፈራ ሰው መጠየቅ አበዛለሁ።»

ከዛሪማ በኩል የመጡ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ቀና አሉ።

«እኔ በሬ ሽጬ ልጄን ተማሪ ቤት የላክሁት ከአካፋ ይረፍ ብዬ ነው» አሉ። «አንተ መልሰህ አካፋ የምታስጨብጠው ምነው?»

«አያ፣ ነገ ሹም ሲሆን ጎርፉ ማን ቤት እንደሚገባ እንዲያውቅ ነው።»

«ታዲያ አወቁ?»

«ሳልፈትናቸው አመጡኝ።»

የሳቀው መጀመሪያ ሹፌሩ ነው።

ማታ ትሪው ሲቀርብ፣ በክፍሉ ልማድ ታናሽ ታላቁን እጅ ያስታጥባል። ሽማግሌው የውኃውን ጠርሙስ ከእጄ ወሰዱ። ከሁላችንም በዕድሜ የሚበልጡት እሳቸው ናቸው። መምህሩ ሊነሱ ሲሉ፣ «ተቀመጥ» አሏቸውና ጎንበስ ብለው በእጃቸው ላይ አፈሰሱላቸው። ከዚያ በትሪው ዙሪያ ጠጋ ጠጋ አልን።

መምህሩ ከእኔ በኋላ ተፈቱ፤ ወደ ማስተማር ግን አልተመለሱም። ተማሪዎች አሁንም ክረምት ሳይገባ ወደ ሰፈራችን ይመጣሉ፤ ሌላ መምህር ይልካቸዋል። ደጄ ላይ ቆመው ጥያቄያቸውን ሲጀምሩ አግዳሚ ወንበር አወጣላቸዋለሁ። እስኪቀመጡ እጠብቅና አስቀድሜ እኔ እጠይቃቸዋለሁ። አንዳንዶቹ ቅር ይላቸዋል። መልሰው የጨረሱትን ግን ወደ ጎረቤት ይዤ የምገባው እኔ ነኝ።