የእማማ አሰጋሽ ወተት

እማማ አሰጋሽ ከቡልቡላ ቦሌ ድረስ በየማለዳው በእግራቸው ወተት ይዘው የሚመጡ ሴት ነበሩ። ወተቱ የሚሸጥ አልነበረም፤ ለምራታቸው ለተናኜ ነው። የወተቱን ቅል በነጠላቸው ጠቅልለው፣ የአውሮፕላን ማረፊያውን አጥር ዞረው ሲያልፉ ከጤና ጣቢያችን የመድኃኒት መስኮት ሆኜ አያቸው ነበር። አውሮፕላን በአናታቸው ላይ ሲያጓራ ቀና ብለው እንኳ አያዩትም። በ1974 ዓ.ም. የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበሯ ከስብሰባ ለምን ቀሩ ብላ ብትወቅሳቸው፣ «ላሜ ስብሰባ አታውቅም፤ በሰዓቷ ካልታለበች ትራገጣለች» ብለው ሴቱን ሁሉ አሳቁት። በዚያ ዘመን ስብሰባ ላይ ብዙ አይሳቅም ነበር።

ተናኜ የጎጃም ልጅ ናት፤ ልብስ ሰፊ። የእማማን ልጅ ጃራን ካገባች ስድስት ዓመት ሆኗታል። በመጀመሪያው ዓመት ያረገዘችው በአምስት ወሩ ወረደባት፤ ከዚያ ወዲህ ምንም የለም። የጃራ አጎቶች ሌላ ሚስት ያግባ ብለው ሲነሡ ያስቆሟቸው አማቷ ናቸው። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ ናት፤ እስከ ከርሞ መስቀል ታገሡኝ» አሏቸው። ያ መስቀል ካለፈ ግን አጎቶቹን የሚያቆሙበት ሌላ ሰበብ አልነበራቸውም።

የጣቢያችን ሐኪም ዶክተር ተኽላይ ከማህፀኗ ናሙና ወስዶ አስመረመረ። ያኔ ፅንሱ ሲወርድ የገባ ኢንፌክሽን የማህፀኗን የውስጥ ሽፋን አቁስሎት ኖሯል። ሕመሙ እምብዛም የማይሰማ፣ ዓመታት የቆየ ብግነት ነው። «ለፅንስ የሚረዳውን መድኃኒት የምጀምርልሽ ይህ ሲድን ነው፤ አለዚያ ከንቱ ድካም ይሆናል» አላትና ቴትራሳይክሊን የሚባል የኢንፌክሽን መድኃኒት አዘዘላት።

እንክብሉን በመስኮት የሰጠኋት እኔ ነኝ። «በቀን አራት ጊዜ፣ ለሁለት ሳምንት። ኃይለኛ ነው፤ ሆድሽን እንዳያቃጥልሽ» አልኳትና ወደሚቀጥለው ሰው ዞርኩ። ሰልፉ ረጅም ነበር። ይህን የምለው ለማመካኘት እንደሆነ አውቃለሁ።

በጥቅምት የወሰደችው መድኃኒት አልሠራም። በጥር የተደገመውም አልሠራም። ናሙናው በተመረመረ ቁጥር ያው ቁስል ነው። ዶክተሩ ግራ ገባው። እኔ ደግሞ፣ አፌን በቆረጠውና፣ «ሳትውጠው እየጣለችው ይሆናል» ብዬ አማኋት።

ሦስተኛው ዙር ሁዳዴ ላይ ዋለ። የነፍስ አባቷ መድኃኒቱንና ውሃውን ፈቀዱላት። ውጤቱ ሲመጣ ዶክተሩ ወረቀቱን ሁለቴ አነበበው። ድናለች።

«ምን የተለየ ነገር አደረግሽ?» አልኳት እየሳቅሁ።

«ምንም። ጾም ስለሆነ በውሃ ዋጥሁት።»

«ድሮስ በምን ነበር?»

«ከረቡዕና ዓርብ በቀር በወተት ነዋ! ኃይለኛ ነው አላልሽኝም? እማማም የመድኃኒት ማብረጃው ወተት ነው ብለው ያመጡልኛል።»

ሳቄ ደረቀ። ወተት ያንን መድኃኒት ሆድ ውስጥ ይዞ እንደሚያስቀረው ተምሬያለሁ፤ ፈተናም አልፌበታለሁ። መርዝ ለጠጣ ወተት፣ ጨጓራው ለነደደ ወተት በሚባልበት አገር ተወልጄ፣ «በወተት እንዳትውጪው» የምትለዋን አንዲት ቃል አልተናገርኩም። ስነግራት የተናኜ ፊት አመድ መሰለ።

«ለእማማ እንዳይነገር» አለች። «በዚያ ብርድ የተመላለሱት እኔን ሊጎዱ ነበር እንዴ? ቢሰሙ ይሞታሉ።»

ማልኩላት። እውነቱን ለመናገር ዝምታው ለእኔም ተመችቶኛል።

ዶክተሩ የፅንሱን መድኃኒት ጀመረላት። ከፋሲካ በኋላ እማማ አሰጋሽ ባዶ እጃቸውን ይመጡ ጀመር፤ ላሟ ነጠፈች አሉ። ተናኜ ማርገዟ የታወቀው በጳጉሜ ነው። አጎቶቹም ነገሩን ተዉት።

በመስከረም፣ አንድ ማክሰኞ ማለዳ፣ እማማ መስኮቴ ላይ መጥተው ቆሙ። ቅሉ በእጃቸው ነው።

«ላሟ ወለደች እንዴ?» አልኳቸው።

«መቼ ነጠፈችና።» ግራ ቀኙን አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ፣ እኔ ከብት አርቢ ነኝ። ምን በልታ እንደታመመች፣ ምን ስትተው እንደዳነች መለየት ሥራዬ ነው። ያንን መድኃኒት የገደለው ወተቴ ነው፣ አይደል?»

አይደለም ማለት ይቀል ነበር። ለተናኜም ምያለሁ። ግን እኒህ ሴት አምስት ወር ሙሉ ብቻቸውን ሲብሰለሰሉበት ኖረዋል፤ ጥፋቱ ደግሞ የእሳቸው አልነበረም።

«ወተቱ ነው፣ እማማ። በደሉ ግን የኔ ነው። በወተት አይዋጥም ብሎ መንገር የኔ ሥራ ነበር፤ አልነገርኳትም» አልኳቸው። እንባዬ መጣ።

ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢሰድቡኝም ደስ ይለኝ ነበር።

«ተናኜ እንዳትሰማ» አሉ በመጨረሻ። «ካወቀች ከእጄ መቀበል ትፈራለች።»

እሺ አልኳቸው። እሳቸው በመስኮቱ እጃቸውን አስገብተው የውሃ መጠጫ ኩባያዬን አነሡና ከቅሉ እስከ አፉ ሞሉልኝ።

«በይ ጠጪ» አሉኝ፤ «አንቺ መድኃኒት አልዋጥሽ።»